ለፍሬኑ የሚሳሳው ሰይድ

ለፍሬኑ የሚሳሳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሐይቅ ከተማ ጎረቤቴ ሰይድ አሮጌ ፔጆውን ሲያድስ፣ የፍሬኑን ዲስክ ጨብጦ ጎማውን የሚያቆመውን ካሊፐር ፈታ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ጎሚኒ የሚሉትን የውስጥ ላስቲኩን ቀይሮ፣ እንደ ሙሽራ ጥፍር ቀይ ቀለም ቀባው።

ሰሞኑን አብረን ከአምባሰል ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ከነፈች።

«ኧረ በአላህ ሰይድ፣ ፍሬን ያዝ!» አልኩት።

«ቆይ እንጂ ወንድሜ! የፍሬኑ ጥቁር ዱቄት ቀለሙን ያበላሽብኛል!»

በመጨረሻ ያቆመን የገበሬ ጭድ ክምር ነው። ሰይድ ጭዱን ከጸጉሩ ሳያራግፍ ወርዶ ጎማው ሥር ተንበረከከ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቀለሙ አልተነካም!»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ቡፌውን ሳይ ግን ሳቄ ቆመ። ምን ይፈረድበታል? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሻይ የጠጣችው በተሸረፈ ብርጭቆ ነው። ለእንግዳ ብላ የሳሳችላቸው አዳዲሶቹ መጀመሪያ የወጡት ለለቅሶዋ ነው።