ያልነበሩበትን የሚጽፉ

ያልነበሩበትን ታሪክ አሳምረው የሚጽፉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ከእንዲህ ያሉ አራት ሰዎች ጋር አንድ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። በጅማ ዙሪያ ያሉትን አጥቢያዎች የሚያስተዳድረው የሽማግሌዎች ጉባኤያችን ታሪኩን በመጽሐፍ እንድናዘጋጅ መርጦን ነበር።

በደርግ ጊዜ የቡ ከተማ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስትታሸግ፣ የአባላቱን መዝገብና አግዳሚ ወንበሮቹን ሙስሊሙ ጎረቤታችን አባ መጫ ቡና መጋዘናቸው ውስጥ ደበቁልን። ተደርሶባቸውም ታሰሩ። ይህንኑ ጽፌ አቀረብኩ። ረቂቁ ታርሞ ሲመለስ ግን «ሽማግሌዎቻችን ንብረቱን በጥበብ አቆዩ» ይላል። የትኞቹ ሽማግሌዎች? ያኔ አንዳቸውም በየቡ በኩል አላለፉም!

«የአባ መጫ ስም የት ገባ?» አልኩት ሰብሳቢውን።

«ወንድሜ፣ ይህ እኮ የጉባኤው ታሪክ ነው። እሳቸው አባል አይደሉም» አለኝ በትሕትና። ይበልጥ ያበገነኝ ትሕትናው ነው።

በማግስቱ የቡ ሄጄ ለአባ መጫ ነገርኳቸው።

«ዲሲ፣ ተወው ልጄ። አላህ ያውቀዋል» አሉኝ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው። ቀጠል አድርገውም፣ «መታሰሬንስ? እሱንም ሽማግሌዎቹ ታሰሩ ብለው ጻፉት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጽፈውታል። 

መጽሐፉ ታትሟል። የአባ መጫ ስም የለበትም፤ የእኔንም ከአዘጋጆቹ መካከል አስፍቄ ወጥቻለሁ።