ፊታውራሪ ፍላሽ ለባሕሩ ስንት ሰጡት?

ማዘጋጃ ቤት የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ ዕቃ አዋቂ የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አላየሁም። አዲስ ስልክ ገዝታችሁ ገና ከካርቶኑ ሳታወጡት ከኋላችሁ መጥቶ «ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው?» የሚላችሁ፣ መልሳችሁንም ሳይጠብቅ «ኧረ የዚህ አዲሱ ወጥቷል እኮ!» ብሎ ደስታችሁን ከነነፍሱ የሚቀብረው ሰው እሱ ነው። ጊንጪም አለ፣ ጉደርም አለ፤ ካቺሲ ብትሄዱም ገበያው መሐል አታጡትም። የአምቦው ግን የሁሉም አለቃ ነው። ጎረቤቴም ባልደረባዬም ስለሆነ ሐሜት አይባልብኝም፤ የዓይን ምስክር ነኝ።

ስማቸው መምህር ዋቅቶላ ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራሉ። እኛ የመምህራን ማረፊያ ሕዝብ ግን «ፊታውራሪ ፍላሽ» የሚል ማዕረግ ሰጥተናቸዋል፤ ፍላሽ ዲስካቸውን ባንገታቸው አንጠልጥለው ነዋ የሚዞሩት! የወንጌል አማኝ ስለሆኑ ማተብ አያስሩም፤ ቦታው ባዶ ከሚቀር ብለው መሰለኝ። ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ አያወልቁትም ይባላል። ይህን ግን ባለቤታቸውን ሲስተር ሲንቄን ጠይቁ፤ እኔ እዚያ ድረስ አልገባም።

ፊታውራሪ ዕቃ ገዝተው ዝም አይሉም፤ ያርሙታል። እንደ ፈተና ወረቀት ነጥብ ይሰጡታል። ሕጋቸውም አንድ ነው፦ «አስር የፈጣሪ ነው፤ ዘጠኝ የመምህሩ ነው፤ የቀረው ከስምንት ይጀምራል።» ያቺን ባለ ሁለት ሲም፣ ባለ አንቴና፣ ቴሌቪዥን የምታሳይ የቻይና ስልክ የገዙ ጊዜ «ድምፅ፦ ስምንት» ብለው ሰጧት። እኔ ብጠየቅ አስራ አራት እሰጣት ነበር። ስልኳ እሳቸው ቤት ስትጮህ እኔ ቤት ሰው ተነሥቶ በር ይከፍታል።

ደግሞ ለችግር ሁሉ አንድ መድኃኒት አላቸው፦ «አጥፍተህ አብራው!» ሬዲዮ ሲያንቋርር፣ አጥፍተህ አብራው። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲበላ፣ አጥፍተህ አብራው። የሒሳብ መምህሩ ሞቱማ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ሲያማክራቸው «ሁለት ቀን ዝም በል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ እንደ አዲስ ሰላም በላት» አሉት። ያው አጥፍተህ አብራው መሆኑ ነው፤ ደግሞ ሠርቶለታል። ከተማው በሙሉ መብራት የጠፋ ቀን እንኳ ፍንክች አላሉም። «አይዞህ፣ እነሱም አጥፍተው እያበሩት ነው» አሉኝ።

በ2002 ዓ.ም. አንድ ቀን የመምህራን ማረፊያ ገብተው «ብሎግ ከፈትኩ!» ብለው አወጁ። ያኔ ቤት እየሠራ የነበረው ሞቱማ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ዋጋው እንዴት ነው? ባለ አስራ አምስቱ ነው ባለ ሃያው?» ብሎኬት ማምረቻ የከፈቱ መስሎት ነው። ፊታውራሪ ክፉኛ ተናደዱ፤ ወደ እኔም ዞረው «ያ ወሰኑ! አንተ የአማርኛ መምህር ነህ፤ ብሎገር በአማርኛ ምን ይባላል?» አሉኝ። እኔም ከመጽሔት ላይ ያገኘሁትን ነገርኳቸው፦ ጦማሪ።

ቃሏን ወደዷት። በማግስቱ ጠዋት በአጥራችን ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው እናቴን እማማ ጥሩነሽን «እማማ፣ እኔ እኮ ጦማሪ ሆኛለሁ!» አሏት። እናቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «እልልልል! ተመስገን! እኔ ድሮም ልቡ ንጹሕ ነው እል ነበር። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ነው ወይስ ሁዳዴንም ጭምር?» ኧረ እሱ ጦም አይደለም፣ ጽሑፍ ነው ብላት ማን ይሰማኛል! እስከ ዛሬ ዓርብ ቀን ሥጋ ይዘው ሲገቡ ካየቻቸው ቃሉን እንዳጠፈ ሰው ነው የምትቆጥራቸው።

ብሎጋቸው ላይ ያልታረመ ነገር የለም። ካውያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ድረ ገጽ። ስለ አንድ የፈተና ውጤት ማያ ድረ ገጽ የጻፉትን ማረፊያ ክፍል ቆመው አንብበውልናል፦ «ገጹን ከፈትኩት። ቤቴ ሄጄ ምሳዬን በላሁ። ስመለስ አርማው እስከ ግማሹ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ትዕግሥት በማስተማር፦ ስምንት።» ከዚያ ወዲህ ከፊታውራሪ ቀጥተኛ መልስ ማግኘት ቀረ። ስለ ስልክ ጠይቋቸው፣ «ብሎጌ ላይ አለ።» የነገው ስብሰባ ስንት ሰዓት ነው በሏቸው፣ «ብሎጌ ላይ አለ።» ደግሞ እኮ የለም!

ይህን ሁሉ የሚያነበው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ስሙን አይጽፍም። ከየጽሑፉ ሥር «ስም የለሽ» እየተባለ መጥቶ ፊታውራሪን እንደ ተማሪ ያርማቸዋል። «ይህ ካውያ ሸሚዝ ያቃጥላል፤ ለምን አልጻፍክም?» «ስልክ ድምፁ ከግማሽ በላይ ከፍ ካለ ስፒከሩ ይቀደዳል፤ ዝቅ አድርገው።» ዝቅ አደረጉት! ሰፈሩ እፎይ አለ። ፊታውራሪ በስም የለሽ ይናደዳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይሟገታሉ፤ ግን ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ወሬያቸው እሱ ነው። «ስም የለሽ ያለውን ሰማህ? የተማረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ኢንጂነር ሳይሆን አይቀርም።» አንዳንዴ ደግሞ አተኩረው ያዩኝና «አንተ ነህ አይደል?» ይሉኛል። እኔ ብሎግ የማነብ ሰው አይደለሁም፤ ይህን አስምሩበት።

በ2004 ክረምት ፊታውራሪና ሲስተር ሲንቄ የተጋቡበትን ሃያ አምስተኛ ዓመት ለማክበር ሞምባሳ ሄዱ። በአውቶቡስ፣ በሞያሌ በኩል፣ ባሕር ለማየት! እዚህ ላይ ሰፈራችን ግራ ገባው። ከእኛ ሰፈር ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ወይ ለሥራ፣ ወይ ለትምህርት፣ ወይ ለሕክምና ነው፤ ከሄደ ደግሞ ይቆያል። ለሽርሽር ብሎ ወጥቶ በሁለት ሳምንት የተመለሰ ሰው አይተን አናውቅም። ስለዚህ ፀሐይ አክስሏቸው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ከሚኒባስ ሲወርዱ ሰፈሩ አንድ ነገር ብቻ ገባው፦ ተይዘው ተባረዋል።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ቦጋለች ዳቦዋን ይዛ ቀድማ ደረሰች። እኛም ተከትለን ገባንና እንደ ለቅሶ ቤት ተደርድረን ተቀመጥን።

«አይዞህ ዋቅቶላ፣ ዋናው ጤና ነው» አለች ቦጋለች።

«አገር ቤትም እኮ ይሠራል» አለ ሞቱማ።

«ኧረ ሰዎች፣ እኛ ሽርሽር ነው የሄድነው!» አሉ ፊታውራሪ።

«ልክ ነህ፣ ልክ ነህ» አለች ቦጋለች ከንፈሯን እየመጠጠች። «ድንበሩ ላይ ነው የያዟችሁ ወይስ ከገባችሁ በኋላ?»

«ባሕር አይተን መጣን አልኩሽ እኮ!»

«አይ ልጄ! የሰው ልጅ ስንቱን ያያል!»

ሲስተር ሲንቄ ሳቋን ለማፈን ጓዳ ገባች። ቦጋለች ልታለቅስ የገባች መስሏት ተከትላ ሄዳ አቀፈቻት።

ፊታውራሪ መልስ ሊሰጡን ወደ ብሎጋቸው ገቡ። ትምህርት ሲጀመርም ጽሑፉን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡልን። «የሕንድ ውቅያኖስ። ስፋት፦ ስምንት። ድምፅ፦ ስምንት። ጣዕም፦ ሁለት፤ ጨው በዝቶበታል፣ ያን ያህል ሆኖ ደግሞ ጋዝ የለውም።» አምቦ ያደገ ሰው ነው፤ ጋዝ የሌለው ውሃ ሁሉ ያልተጨረሰ ይመስለዋል። ቀጥለውም «ባለቤቴ ማዕበሉን ፈርታ አሸዋው ላይ ቀረች፤ እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ» ብለው ደረታቸውን ነፉ።

ስም የለሽ በዚህ ጽሑፍ ሥር የጻፈው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፦ «ሶባ።» በኦሮምኛ ውሸት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጠፋ።

ስለ ፀሐይ ባትሪ ጻፉ፣ ዝም። ስለ አዲስ ካሜራ ጻፉ፣ ዝም። አንድ ጠዋት ማረፊያ ክፍል ስገባ አንገታቸው ባዶ ነው። ፍላሹ የለም። ያን ቀን ፊታውራሪ ማለት አላሰኘኝም፤ የተቀመጠው የስንት ዘመን ጓደኛዬ ዋቅቶላ ነበር።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ብሎጉን ልዘጋው ነው» አለ። «ሰፈሩ ውሸታም ይበለኝ፣ ግድ የለኝም፤ ሰፈሩ አያነብም። የሚያነበኝ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱም ሶባ አለኝ። ከእሁድ አያልፍም፣ እዘጋዋለሁ።»

ስንት ጊዜ «ምነው ይሄ ብሎግ በተዘጋና ባረፍን» ብዬ ነበር፤ ሊዘጋ ነው ሲባል ግን ሆዴ ባባ።

በዚያው ሳምንት ለመምህራን ስብሰባ ጉደር ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ኢሜይሌን ልይ ብዬ አንዲት ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ኮምፒዩተሩን ትቆጣለች። «ቱ! ውሸታም!» ድምፁን አወቅሁት። ሲስተር ሲንቄ! ጉደር ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ምሳ ሰዓቷን የት እንደምታሳልፍ ግን አላውቅም ነበር። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ የዋቅቶላ ብሎግ ነው።

«ሲስተር! ስም የለሽ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ቀስ በል፣ ማሎ፣ እባክህ!» አለች ግራ ቀኝ እያየች።

«ኢንጂነር ነው እየተባለ የከረመው አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ወሰኑ? ቤት ውስጥ ስናገረው መቼ ሰምቶኝ ያውቃል! አንድ ነገር ስጠይቀው ‹ብሎጌ ላይ አለ› ይለኛል። እኔም ብሎጉ ላይ ሄጄ ነገርኩት። ያን ስልክ ዝቅ አድርገው ብዬ ዓመት ሙሉ ለመንኩት፤ ስም የለሽ ሲለው በአንድ ቀን ዝቅ አደረገው። ስም የለሽን ይሰማል፤ ስም ያላትን ሚስቱን አይሰማም!»

«እሺ ሶባው ምንድን ነው? ሰውየው እኮ ከሰው ተራ ሊወጣ ነው።»

መነጽሯን አወለቀች። «ባሕሩ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ! እሱ ዛፍ አቅፎ ‹ካሜራው ይረጥባል፣ ካሜራው ይረጥባል› እያለ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሃያ አምስት ዓመት ትዳሬ አንድ ቀን ባሕር ብገባ ከዚያም አወጣኝ። ለዓለም ሕዝብ ፈራች ብሎ ጻፈ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ፤ ማልኩላት።

ቅዳሜ ዋቅቶላን በአጥሩ በኩል ጠራሁት። መሐላዬን እንዳላፈርስ በዘወርዋራ ገባሁበት።

«ስለ ባሕሩ የጻፍከው ሁሉ ዱጋ ነው? እውነቱን ንገረኝ።»

አንገቱን አሻሸ። «ካሜራው እንዳይረጥብ ብዬ እኮ ነው...»

«እንግዲያው ብሎጉን አትዝጋው» አልኩት። «አጥፍተህ አብራው።»

የገዛ መድኃኒቱን ሳጎርሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገባ።

ሰኞ አዲሱ ጽሑፍ ወጣ። ማረፊያ ክፍል ውስጥ በቀጭን ድምፅ ነው ያነበበልን። «ባለፈው የጻፍኩትን አጥፍቼዋለሁ። ማዕበሉን ፈርቼ ዛፍ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ሲንቄ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ውሃው ሲመታት እንደ ልጃገረድ ሳቀች፤ ያን ሳቅ ከሠርጋችን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። የሕንድ ውቅያኖስ፦ ሰባት። ሲንቄ፦ አስር።»

አስር! የፈጣሪን ነጥብ! ሞቱማ እንኳ የሚያርመውን ወረቀት አስቀመጠ።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ዋቅቶላ እጄን እየጎተተ ኢንተርኔት ቤት ወሰደኝ። ስም የለሽ መጥቷል። «አሁን ገና ዱጋ ተናገርክ። አስር ግን ለሰው አይሰጥም፤ ስምንት ይበቃኝ ነበር።»

ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ያስተማረ ሰው በ«ይበቃ» እና በ«ይበቃኝ» መካከል ያለውን ገደል ያውቃል። የፊዚክስ መምህር ነው፣ ሰዋስው ምን ያውቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዋቅቶላ ግን ጣቱን እየጎተተ ፊደል በፊደል አነበበ፤ መጨረሻው ላይ ጣቱ ቆመ።

«ወሰኑ፣ ይቺ ‹ኝ› የማን ናት?»

«የፊደል ግድፈት ናት» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ምያለሁ!

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጥርሱ በሙሉ ታየ፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ግድፈት ከሆነች አትታረም» አለ። «ማወቄንም ለስም የለሽ እንዳትነግርብኝ።»

እነሆ፣ እሷ ተደብቄያለሁ ትላለች፣ እሱ አላወቅሁም ይላል፤ የሁለቱንም ምስጢር ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነኝ። ይህን እዚህ የጻፍኩትም ባልና ሚስቱ ኢንተርኔት እንጂ ወረቀት ላይ የታተመ ነገር እንደማያነቡ ስለማውቅ ነው። ፍላሹ ወደ አንገት ተመልሷል፣ ማዕረጉም አብሮ። ቦጋለች ግን አሁንም መንገድ ላይ ስታገኛቸው «አይዟችሁ፣ በሚቀጥለው ሳትያዙ ትገባላችሁ» ትላቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ፊታውራሪ ስለ እኔ ጽፈዋል። «ጎረቤት። ምስጢር በመጠበቅ፦ ዘጠኝ። በምክር፦ ስምንት፤ ምክሩ የራሴ ስለሆነ። ብሎግ በማንበብ፦ ዜሮ። አማካይ፦ ስድስት።» ብሎግ የማያነብ ሰው ይህን እንዴት አወቀ አትበሉኝ። ጉደር ድረስ ሄድኩ፤ ጥግ ያለችው ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጥኩ፤ ስም የለሽ ሆኜም «ሰባት ይገባኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩላቸው። «ኝ»ዋን ያስገባኋት ሆን ብዬ ነው።