የወይዘሮ አስካለ ግድግዳ

ሠዓሊ ብዙ ነገር የሚጠየቅ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ዛፍ የምሥል ብሆን ኖሮ ዛፍ ነው ብዬ በተገላገልኩ። የእኔ ሥራ ግን ግማሹ የሚታይ፣ ግማሹ የሚጠረጠር ዓይነት ነው። ቤት ነው ስላቸው «በሩ የታለ?» ይሉኛል። ቤት አይደለም ስል ደግሞ «መስኮቱማ ይኸው» ብለው ይሟገቱኛል። ድሮ ጥያቄው ያናድደኝ ነበር። በኋላ በኋላ ጠያቂው ራሱ ሲጠፋ ነው ጉዱ የገባኝ።

የምኖረው ቂርቆስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ አልጋዬና ሸራዬ በየተራ በሚገቡባት አንድ ክፍል ውስጥ። ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ ወደ ካዛንቺስ እወጣለሁ፤ ለሥራ እንዳይመስላችሁ፣ የሰው ድምፅ ለመስማት ነው። የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች መፍረስ በጀመሩ ሰሞን ግን ድምፁም መልኩን ቀየረ። የማውቃቸው ሱቆች ተዘጉ፣ «እንደምን አደርክ» የሚሉኝ ሰዎች በየአይሱዙው ላይ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ለእኔ የቀሩልኝ ግድግዳዎቹ ነበሩ።

ቤት ሲፈርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ጣሪያው ይነሳል፣ ከዚያ አንዱ ጎን ይወድቃል፤ ትናንት ጓዳ የነበረው ዛሬ ለታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ ይታያል። ከእነዚያ ግድግዳዎች አንዱ ያዘኝ። ከወገቡ በታች አረንጓዴ፣ ከላይ ሮዝ። ሮዙ በተላጠበት ሰማያዊ ብቅ ይላል፤ ሰማያዊው በተላጠበት ጋዜጣ፤ ከጋዜጣው ሥር ጭቃ። በየበዓሉ አንዱ በሌላው ላይ ሲቀባ የኖረ ግድግዳ ነው። ቆሜ ሳየው ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከሥሩ አፈር በፌስታል ዘግኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አክሪሊክ የሚባለው ቀለም ትዕግሥት የለውም። የዘይት ቀለም ሳምንት ይጠብቃችኋል፤ ይሄኛው ስልክ አንስታችሁ እስክትመለሱ ይደርቃል። ለእኔ ተስማምቶኛል፤ የሚደውልልኝም የለ። ግድግዳው የተሠራበትን ቅደም ተከተል ተከተልኩ። አፈሩን በሻይ ማጥለያ ነፍቼ ከቀለም ጋር ለውሼ ሸራው ላይ ለሰንኩት። በላዩ ሰማያዊ፣ ሲደርቅ ሮዝ፣ ከታች አረንጓዴ። ከዚያ በቤት ቀቢዎች ስፓቱላ ፋቅሁት። ሙያው ያለው መቀባቱ ላይ ሳይሆን መፋቁ ላይ ነው፤ ትንሽ ካበዛችሁ ጭቃው ጋ ትደርሳላችሁ፣ ካነሰ ደግሞ ተራ ቀለም ሆኖ ይቀራል። ስጨርስ ከእኔ ሥራዎች ሁሉ የተሻለው እሱ እንደሆነ አወቅሁ። የምነግረው ሰው ግን አልነበረም።

በዓመቱ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥዕሎቼን እንዳሳይ ለሁለት ሳምንት አዳራሹን ፈቀደልኝ። የመክፈቻው ዕለት ጥሩ ሰው መጣ፤ ጭማቂም ነበር። በማግሥቱ ጭማቂውም ሰውም የለም። እኔና ጥበቃው ፊት ለፊት ተቀምጠን እንተያያለን።

በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ አንዲት ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሴት ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጥለው ለመጠለል ገቡ። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ በኋላ ነው ስማቸውን የነገሩኝ። እግራቸውን ጠርገው፣ ዞር ዞር ብለው፣ የእኔ ግድግዳ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ማብራሪያዬን እያዘጋጀሁ ተጠጋሁ።

«ልጄ፣ ጓዳዬን ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

ሥዕሉ የማንም ቤት እንዳልሆነ፣ ስሜት እንደሆነ ምናምን ለማስረዳት ሞከርኩ። ጨርሼ እስክዘጋ በትዕግሥት አዳመጡኝና ሮዙን የቀቡት ልጃቸው የተዳረች ጊዜ እንደሆነ፣ አረንጓዴው የባለቤታቸው ምርጫ እንደነበረ፣ እሳቸው እንዳልወደዱት ነገሩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሸራውን ነኩት። ጥበቃው «አይነካም» ብሎ ተነሳ።

«ተዋቸው፣ የራሳቸው አፈር ነው» አልኩት።

በማግሥቱም መጡ። ከተማው ጫፍ ካለው ኮንዶሚኒየም ሁለት ታክሲ ይዘው። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ግድግዳቸው ፊት ተቀምጠው ስለ ጎረቤቶቻቸው ያወሩኛል፣ ማን የት እንደደረሰ፣ ማን እንደማይታወቅ። ባለቤታቸው አዲሱን ቤት ሳያዩ ነው ያረፉት። መምጣት በጀመሩ በሦስተኛው ቀን ጢሜን ተላጭቼ ጠበቅኋቸው፤ መጡ። በአራተኛው አልመጡም። በአምስተኛውም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ማለት ይዞኝ እንደነበር ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ትርዒቱ ሲያልቅ ሥዕሉን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ የነገሩኝን የብሎክ ቁጥር እያጠያየቅሁ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ። ጉልበታቸው አሟቸው ተኝተው ነበር። የቤቱ ግድግዳ ነጭ ነው፤ የሆስፒታል ዓይነት ነጭ። ሥዕሉን አስደግፌ ስገልጠው «እንግዲህ እዚሁ ይኑር» አሉ። እኔም ለዚሁ ነበር ያመጣሁት፤ ሆኖም አንሶላውን ብቻ ይዤ ደረጃውን ስወርድ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

ከወር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው፤ እሑድ ምሳ ና አሉኝ።

ስገባ ሥዕሉ ተሰቅሏል፤ ቀና ብሎ፣ በጥሩ ብርሃን። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ደነገጥኩ። ሮዙ ላይ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ የጣት ርዝመት ያለው ሚስማር ሸራውን በስቶ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ለካ ጎረቤት ጠርተው አስመትተውት ነው።

«ምነው እማማ፣ ሥዕሉን?» አልኩ።

«ሚስማሩን ረስተኸው ነበር» አሉኝ፣ እንደማጽናናት አድርገው። «ድሮም እዚያ ነበር። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ልብሱን እዚያ ነው የሚሰቅለው። በል ጃኬትህን አውልቅና ስቀል፣ ምሳው ደርሷል።»

ስለ ሸራ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ሠዓሊ መብት ብዙ የምለው ነበረኝ። ነገር ግን ጃኬትህን አውልቅ ያለኝ ሰው የመጨረሻው ማን እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩና አቃተኝ።

አውልቄ ሰቀልኩት። የሥዕሌን እኩሌታ ሸፈነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አላወረድኩትም።