ኮፈን ሲከፈት የሚመጡት ሰው

የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቀረ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም። ውሃ ለመጨመር ይሁን፣ ባትሪ ለማጥበቅ፣ ወይም ግራ ገብቶህ ዝም ብለህ ለማየት፣ ኮፈኑ ከፍ እንዳለ አጠገብህ አንድ ሰው ቆሟል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል፤ አንገቱን ወደ ሞተሩ ሰገግ አድርጓል። ኮቴውን አልሰማህም፣ ከየት እንደመጣም አታውቅም። ገና ሰላም ሳይልህ "ይሄን ማነው የነካካው?" ይልሃል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ የኛ ሰፈሩ ግን ከሁሉም የባሱ ናቸው።

እኛ "ክቡር የኮፈን አማካሪ" ብለን ሾመናቸዋል። ሹመቱ ደሞዝም ቢሮም የለውም፤ ቀድሞ ምን ይሠሩ እንደነበርም በትክክል የሚያውቅ የለም። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ በጋ ከክረምት አንድ ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ። ከካፖርቱ ውስጥ ኪስ አንድ ረጅም ካቻቢቴ አይጠፋም። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። መካኒኮችም እንዲህ ያደርጋሉ፤ ግን መካኒክ የሚያዳምጠው የሚሠራ ሞተር ነው። ክቡርነታቸው የቆመውንም ያዳምጣሉ።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ልፈትናቸው አልኩ። የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ የኮፈኑን ማጠፊያ እንዳይጮህ ዘይት ቀባሁት፣ ከዚያም እንደ ሌባ ትንፋሼን ውጬ ቀስ አድርጌ አነሳሁት። ምንም ድምፅ አልወጣም። ቀና ስል ግራጫው ካፖርት አጠገቤ ነበር። "ማጠፊያውን ዘይት መቀባትህ ደግ አደረግክ፤ ዘይቱ ግን የዚህ አይደለም" አሉኝ። በሩን ማን እንደከፈተላቸው አልጠየቅኳቸውም፤ መልሱን መስማት አልፈለግኩም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው መሳሳት የሚባል ነገር አለማወቃቸው ነው። የፋርማሲው ባለቤት በእሳቸው ምክር ካርቡራተር ከነምናምኑ ቀየረ፤ ለካ መኪናው ቤንዚን ጨርሶ ኖሯል። ሰውየው በንዴት ጦፎ ቢመጣ ክቡርነታቸው ፊታቸው አልተለወጠም። "እኔ መቼ ተሳሳትኩ? ቤንዚኑን የጨረሰው ማን ሆነና፣ ያው ካርቡራተሩ ነው" አሉት። አመስግኗቸው ሄደ።

እኔ ለእሳቸው እጅ የሰጠሁት በአባታችን ፒክአፕ ምክንያት ነው። አፍንጫው ረጅም፣ መብራቶቹ ክብ፣ ቀለሙ ድሮ አረንጓዴ የነበረ አሮጌ መኪና ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ታላቅ እህቴ ትነዳው ነበር። እህቴ ግቢያችን ውስጥ ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች፤ የሸጠችውንም በዚሁ መኪና እየጫነች በየደንበኛው ቤት ታደርስ ነበር። አምና ስትሮክ መታትና ግራ እግሯ ከዳት። እሷ በተኛችበት መኪናው ዝናብ ሲወርድበት ከረመ፤ ሞተሩ ውሃ ገብቶበት ፒስተኖቹ ተጣበቁ። ምርኩዝ ይዛ መራመድ የጀመረች ዕለት አስቀምጣ ነገረችኝ።

"በሰው መሪ መሄድ መሮኛል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያንን መኪና ራሴ ነድቼ ከዚህ በር መውጣት።"

ሞተርና ካምቢዮ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ስትመርጥ ሌላው አብሮ ይመጣል። የአባታችን መኪና ዓይነት ሞተር ከማንዋል ካምቢዮ ጋር ከተገጠመ ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ የጤነኛ ግራ እግር ጉልበት ይፈልጋል። "እታለም፣ አውቶማቲክ ብናደርገውስ?" አልኳት አንድ ጊዜ። "እግሬ ይመለሳል" አለችና ሳምንቱን ሁሉ አኮረፈችኝ። አውቶማቲክ ማለት ለእሷ እግሯን ቆርጦ መተው ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ጎህ ሲቀድ የአባባን መኪና እሰማዋለሁ ትለኝ ነበር። ፒስተኑ የተጣበቀ ሞተር እንዴት ይሰማል ብዬ ሳቅኩባት። ከዚያ አንድ ንጋት ላይ ራሴ ሰማሁት። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ሰው እስኪሳፈር የሚጠብቅ መኪና ድምፅ ነበር። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ስወጣ ድምፁ ጠፋ። ፒክአፑ እንደቆመ ነው። ኮፈኑ ላይ ጤዛ ተኝቶበታል፤ መሐሉ ላይ ግን የሰው መዳፍ የሚያክል ደረቅ ቦታ ነበር። ለእህቴ አልነገርኳትም።

በዚያው ሳምንት መካኒኩን ጠርቼ ኮፈኑን ከፈትን። ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው ከተፍ አሉ። ካቻቢቴያቸውን በሞተው ሞተር ላይ ተክለው ብዙ ቆዩ። መሐል ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሰው ሲናገር እንደሚሰማ ሰው።

"ምን ይላል?" አለ መካኒኩ፣ እኔን በዓይኑ እየጠቀሰ።

"ይጠይቃል።"

"ምን ብሎ?"

"ማነው የሚነዳኝ ይላል። አላውቅም አልኩት። ለሞተር አይዋሽም።"

የመካኒኩ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። ሞተሩን ሲፈታው ብረቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘው፤ ከእንግዲህ የማይጠገን ነበር። በሰንሰለት ጎትተን አወጣነውና የመኪናው አፍንጫ ባዶውን ቀረ።

ሌላ ሞተር ፍለጋ መካኒኩ፣ ክቡርነታቸውና እኔ አሮጌ ሞተር ወደሚሸጥበት ግቢ ሄድን። ሞተሮቹ በሸራ ተሸፍነው በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከስራቸው ጥቁር ዘይት ጠብ ይላል። ክቡርነታቸው በመሐላቸው ሲያልፉ ግራና ቀኝ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ነበር፤ ለአንዳንዱ ብቻ ቆም ይላሉ። ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስሉ ነበር።

መካኒኩ የሚኒባስ ናፍጣ ሞተር አሳየን። "ጉልበት አለው፤ ዳገት አያውቅም፤ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው ከነነፍሱ አብሮት አለ" አለ። ክቡርነታቸው ካቻቢቴውን አስጠጉና ወዲያው አነሱት።

"ይሄ ሰው ጭኖ ገደል ገብቷል። እስካሁን ይቆጥራቸዋል።"

መካኒኩ ሞተሩ ላይ አስደግፎት የነበረውን እጁን ሰበሰበ። የሞተሮቹ ነጋዴ ደግሞ ሳይከራከር ሸራውን መለሰበት፤ እኔን ያስፈራኝ አለመከራከሩ ነው። ቀጥሎ አዲስ የቤንዚን ሞተር ከነአውቶማቲክ ካምቢዮው አየን። እሱንም በአንድ ቃል ጣሉት። "ይሄ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሩን ከነቀልክበት እናቱንም አያውቅ።"

ቤት ስንመለስ ለእህቴ ውሳኔያቸውን አሰሙ። ለዚህ ሻንሲ፣ ለዚህ የብረት አጽም፣ የተፈጠረው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ከባለ አራት ማርሽ ማንዋል ጋር ይገጠማል፤ ሌላው ሁሉ ኃጢአት ነው። "አውቶማቲክ ደግሞ የሰነፍ እግር ነው" ብለው ጨረሱ። ምርኩዟ ወንበሩ ላይ ተደግፎ እያዩት ነው ይህን ያሉት። እህቴ ግን ፊቷ በራ። "እኔስ ምን አልኩ፣ ጋሼ" አለች። ያን ቀን አንገታቸውን ባንቀው ደስ ባለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከሥራ ስመለስ ክቡርነታቸው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኮፈኑ ተዘግቷል። ኮፈን ሳይከፈት መጥተው አያውቁም። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ።

እህቴ ሞተር የሌለው መኪና ውስጥ መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። ግራ ጉልበቷን በሁለት እጇ አንስታ እግሯን ፍሪሲዮኑ ላይ ታስቀምጣለች። ትገፋለች። እግሯ ሸርተት ብሎ ይወድቃል። እንደገና ታነሳዋለች። ይህን ስታደርግ ከንፈሮቿን ገጥማ የሞተር ድምፅ ታሰማ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ልክ ንጋት ላይ የሰማሁትን። አንገቴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። እንባዬም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ክቡርነታቸው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ዞረው ሄዱ። ንግግራቸውን ለምደነዋል፤ ዝምታቸው ስላስፈራኝ ተከተልኳቸው። ቤታቸው ከኛ ጀርባ ነው፤ በሩን አልፎ የገባ የሰፈር ሰው ግን አላውቅም። የውስጡን በር ገርበብ አድርገው ትተውት ነበርና በክፍተቱ አየሁ። ሰፊ ክፍል ነው፤ መጋረጃ አለው፣ ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ አለ፣ ወለሉ መሐል አንድ መኪና ቆሟል። አቧራ የሚባል አልነካውም። የጭስ ማውጫው በቱቦ ተቀጥሎ በመስኮት ወጥቷል።

ክቡርነታቸው በሹፌሩ ሳይሆን በሌላው በር ገቡ። የሹፌሩ ወንበር ለአጭር ሰው ተብሎ ወደ መሪው ተስቧል። እጃቸውን አሻግረው ቁልፉን ሲያዞሩት የንጋቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ለካ እህቴ ጠዋት ጠዋት ስትሰማው የከረመችው፣ እኔም የሰማሁት ይህን ነው።

"የዚያች የችግኟ ልጅ ነገር ነው" አሉ ወደ ባዶው ወንበር ዞረው። "ግራ እግሯ እንቢ ብሏታል። የአንቺን ሞተር ልሰጣት ነው፤ ትፈቅጃለሽ ወይ?"

ጠበቁ። እኔም ከበሩ ጀርባ ሆኜ ጠበቅኩ። ከዚያ ማንም ነዳጁን ሳይረግጥ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ከፍ አለ፣ መልሶም ረገበ።

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉና አጠፉት።

ሞተር ሳይሞቅ እንዲህ ያደርጋል ብሎኛል በኋላ መካኒኩ። ሊሆን ይችላል። ክቡርነታቸው ግን ልሄድ ስል ወደ እኔ ሳይዞሩ "ግባ እንጂ፣ ምን ብርድ ያስመታሃል" አሉኝና ነገሩን ነገሩኝ። መኪናው የሟች ባለቤታቸው ነበር። ነጂዋ ባለቤታቸው ነበሩ፤ ክቡርነታቸው በሕይወታቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን ከጎን ተቀምጠው ሲያዳምጡ ነው የኖሩት። ሞተሩን ጠዋት ጠዋት የሚያስነሱት ድምፃቸውን እንዳይረሳው ነው አሉኝ። የማንን ድምፅ ብዬ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ መካኒኩ ኮፈኑን ሲከፍት መንደርተኛው ሁሉ እንደ ልማዱ ተሰበሰበ። ክቡርነታቸው ባዶው አፍንጫ ውስጥ አጎንብሰው ሻንሲውን በካቻቢቴ አንኳኩ፣ አዳመጡ፣ ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ሻንሲው ተጣሟል" አሏት እህቴን። "ፍሪሲዮን አይቀበልም። ማንዋል ብንገጥምለት በወሩ ይበላዋል።"

መካኒኩ አፉን ከፈተ። ክቡርነታቸው አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩትና መልሶ ዘጋው።

"ማንዋል ነው ብለው የወሰኑት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለች እህቴ።

"እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"

የፋርማሲው ባለቤት የሰማውን ለማመን አጠገቡ ያለውን ሰው አየ። ሽማግሌው ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። እኚህን ሰው እንደምወዳቸው ያወቅኩት እዚያ ላይ ነው።

"እኔ ቤት አንድ ሞተር ከነካምቢዮው አለ" አሉ ቀጥለው። "አውቶማቲክ ነው። የዚህኛው ታናሽ እህት ናት፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ድምፅ። ያለ እሷ መፍትሔ የለውም።"

እህቴ ሻንሲውን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን አየች። "ሻንሲው እንቢ ካለ ምን ይደረጋል" አለች በመጨረሻ።

ሞተሩ በአባታችን ሞተር መቀመጫ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። መካኒኩ ካምቢዮው የሚታሰርበትን ብረት ወደ ኋላ ወሰደ፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ካርዳን አሳጠረ፣ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ነቅሎ ወለሉን በላሜራ ደፈነ። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ የሰማነው የለም።

መኪናው ዝግጁ የሆነ ቀን እህቴ ምርኩዟን ከኋላ ከችግኞቹ ጋር ጫነችው። ግራ እግሯን በእጇ አንስታ ጥግ ላይ አሳረፈችው፣ ቁልፉን አዞረች፣ በሩን አልፋ ወጣች። እኔ ከጎን ነኝ። በመስታወቱ ክቡርነታቸውን አየኋቸው፤ ከጎናቸው ሰው ያለ ይመስል ቦታ ትተው፣ ወደ መንገዱ ጠርዝ ተጠግተው ቆመዋል። እጃቸውን አላወዛወዙም፤ እያዳመጡ ነበር።

ማዞሪያው ላይ ስንደርስ እህቴ "ሻንሲው አልተጣመመም" አለች።

ዞሬ አየኋት።

"ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባባ ጋር ከሥሩ ተኝቼ ነው ያደግኩት። ቀጥ ያለ ነው።"

"ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?"

ዋናው መንገድ ላይ ከባድ መኪና እያለፈ ነበርና እስኪያልፍ ጠበቀች። "እሳቸው በሰፈር ፊት ተሳስቻለሁ ካሉ" አለች፣ "እኔ እግሬ አይመለስም ማለት ያቅተኛል?" ከዚያ ነዳጁን ረገጠችና ገባች።