የበራሪው ሰውዬ ግምገማ

ነጥብ የማይሰጠው ነገር ከሰማይ በታች የለም። ይህን እውነት ላሊበላ ውስጥ ከአቶ ምስጋኑ በላይ የተረዳ ሰው አልነበረም። ሌላው እህል ያበጥራል፣ ሌላው እንግዳ ያስጎበኛል፤ እርሳቸው ስሙን ለክብሩ ስንል በማንጠራው መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ሠራተኛ ይገመግማሉ። ጀማሪ ገምጋሚ ሰውየውን ማየት፣ የሠራውን መጠየቅ፣ አልፎ አልፎም ማሰብ ያስፈልገዋል። የበሰለ ገምጋሚ ግን ስም ሲጠራለት ይበቃዋል። አቶ ምስጋኑ በስለው ነበር።

ክፉ ቀን መጣና መሥሪያ ቤቱ በመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ሲደራጅ፣ አቶ ምስጋኑ ራሳቸው ባረቀቁት መስፈርት ተለክተው ከመዋቅሩ ውጭ ሆኑ። ነጥባቸውን የሞላው መልካቸውን እንኳ የማያውቅ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ባለሙያ ነበር። ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ሙያውን ያውቃል» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ቤት መዋል ግን የሚያውቁት ሥራ አልነበረም። መጀመሪያ የባለቤታቸውን የባንችይርጋን ሽሮ ገመገሙ። እርሷም «እንግዲህ ነገ አንተ ሥራውና እኔ ልገምግም» አለቻቸው፤ የሽሮ ግምገማ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን በዓይናቸው እያበጠሩ ይውሉ ጀመር። ማንም ውጤቱን አልጠየቃቸውም። ይህ ነው ያከሳቸው።

ካርቶኑ የተገኘው ያን ሰሞን ነው። ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ «ለእናንተ ይሁን» ብሎ ትቶት የሄደ ነው። በውስጡ አሮጌ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ነበሩ፤ ፈረንጆቹ ኮሚክ የሚሏቸው። ባንችይርጋ ዱቄት በጥብጣ፣ ሙጫ አዘጋጅታ፣ የእንግዳ ክፍሉን ግድግዳ ልትለጥፍባቸው ተነሥታለች።

«ኮሚክ ማለት የሚያስቅ አይደለም እንዴ?» አለች አንዱን ገልጣ። «ሰውየው ግንብ እየደረመሰ ነው። ምኑ ነው የሚያስቀው?»

አቶ ምስጋኑ ከላይ ያለውን መጽሔት አነሡ። ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ከከተማ በላይ ይበራል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ይዘውት ሰውነት ወደሚባል ሰው ኢንተርኔት ቤት ወረዱ።

ሰውነት ቀድሞ የእርሳቸው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በእርሳቸው ግምገማ «የአመለካከት ችግር አለበት» ተብሎ ተሰናበተ። ችግሩ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ መጠየቁ ራሱ ችግሩ እንደሆነ ተነግሮት ወጣ። ከዚያ ኮምፒዩተር ገዝቶ ሱቅ ከፈተና ሰው ሆነ። ስለዚህም አቶ ምስጋኑ ባለውለታው እንደሆኑ ያምኑ ነበር፤ ባያመሰግናቸው ነው የሚገርማቸው።

ሰውነት ሽፋኑን አየና ኮምፒዩተሩ ላይ ብዙ ሲፈልግ ቆየ። ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ እየሄደ እየመጣ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ዋጋ አለው» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለውን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እዚሁ ኢንተርኔት ላይ ነው የሚገበያዩት። ብቻ ከመሸጡ በፊት ደረጃ ይወጣለታል። ጣሪያው አሥር ነው።»

አቶ ምስጋኑ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ደረጃውን ማነው የሚያወጣው?»

«ለጊዜው ሻጩ ራሱ።»

«ሻጩ ራሱ» ብለው ደገሙት። ዓለም እርሳቸው ወዳሉበት እስኪደርስ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀራቸው ማለት ነው።

ሰውነት መመሪያውን እያማረጠ ያነብላቸው ጀመር። «መጀመሪያ ጀርባው ይታያል፤ መታጠፊያው ተሰንጥቆ እንደሆነ። ከዚያ ማዕዘኖቹ። ከዚያ የወረቀቱ ቀለም፣ ገጾቹን አጣብቆ የያዘው ሽቦ ዝገት። ገጾቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።»

«አመለካከቱስ?»

«የማን?»

«የሰውየው፤ የሚበረው።»

«ስለ እርሱ ምንም አይልም።»

«እንግዲያው መመሪያው ክፍተት አለበት» አሉና መጽሔቱን ሳይገልጡ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ገመገሙት። የሥራ ተነሳሽነቱ ከፍተኛ ነው፤ ማንም ሳያዘው ይበራል። ከሕዝብ ጋር ያለው ግንኙነት ከላይ ወደ ታች ቢሆንም መልካም ነው። በመሆኑም ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሰጡት። ነጥብ ሁለቷ የተቀነሰችው በጭምብሉ ምክንያት፣ ማለትም በግልጽነት ጉድለት ነው።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት እኮ ከማተሚያ ቤት ትናንት የወጣ ማለት ነው። ይህ ጠርዙ ተበልቷል።»

«አንተ ድሮም እንዲህ ነህ» አሉት በሐዘን።

ሰውነት ትከሻውን ነቅንቆ ሽፋኑን ፎቶ አነሣና ነጥቡን እንዳሉት ጽፎ ለጠፈው። ሳይውል ሳያድር ገዢ ተገኘ፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰብሳቢ። ሒሳቡ ውጭ አገር በምትኖረው በሰውነት እህት በኩል እንዲያልፍ ተስማሙ። አቶ ምስጋኑም ጠላ ቤት ገብተው፣ አገር ውስጥ የተናቀው ሙያቸው ባሕር ማዶ ተፈላጊ መሆኑን ቆመው ተናገሩ። ጠላ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ተቀበለው። ባንችይርጋም ግድግዳዋን በይደር አቆየች፤ ሙጫው ደርቆ ቀረ።

የቀረው መላክ ብቻ ነበር። ተራ ሰው እዚህ ላይ መጽሔቱን ጠቅልሎ ይልካል። አቶ ምስጋኑ ግን ለደንበኛ እርካታ የቆሙ ሰው ናቸውና እንዲሁ መላክ ነውር ሆነባቸው። መጽሔቱን ይዘው፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር የብራና መጽሐፍ ወደሚጠርዙት ወደ መሪጌታ አረጋ ሄዱ።

«መሪጌታ፣ የዛጉት ሽቦዎች ይውጡልኝና በጅማት ይሰፋ። ዳር ዳሩም ተበልቷል፣ ይስተካከል።»

መሪጌታ ቢላዋቸውን ይዘው አመነቱ። «እዚህ ላይ ከቆረጥሁ የሰውየው እግር ይሄዳል።»

«የሚበር ሰው እግር ምን ያደርግለታል?»

መሪጌታ ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ነገሩን እንደ ቅኔ ወሰዱት። ቆረጡ። እንዳይጎዳም ቀይ ቆዳ ፍቀው፣ መዝጊያና ማንገቻ ያለው ማኅደር ሰፉለት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በሽፋኑ ጥግ ላይ ሥራ ፈት የሞነጫጨረው የሚመስል የእስክሪብቶ ጽሑፍ ነበር። እርሱን አቶ ምስጋኑ ለማንም አልተዉም፤ ራሳቸው በጥጥና በበረኪና አጸዱት። ወረቀቱ ነጣ። ልባቸው ሞላ።

ፖስታ ቤት ሲደርሱ ሠራተኛዋ ፋና ማኅደሩን አየችና እጇን ሰበሰበች።

«አቶ ምስጋኑ፣ ይህ ቅርስ እንዳይሆን።»

«መጽሔት ነው፣ ልጄ።»

«ላሊበላ ላይ ማኅደር ውስጥ ያለን ነገር መጽሔት ነው ብዬ ከላክሁ፣ ቀጥሎ የምላከው እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ስለዚህ የሚመለከታቸው ሰዎች ተሰበሰቡ። ጉዳዩ በጥልቀት ታየ። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው ሽፋኑን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ይህ የሚበረው መልአክ ነው?»

«ክንፍ የለውም፣ አባቴ» አሉ አቶ ምስጋኑ።

«እግርም የለውም።»

«እግርስ ነበረው፤ ተስተካክሎ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ክንፍም እግርም የሌለው ነገር የእኛ ቅርስ ሊሆን አይችልም። ይሂድ።» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በራሪው ሰውዬ በቀይ ማኅደሩ ሆኖ ከሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት በረረ ማለት ነው።

ክረምቱ ሲገባ በርሮ ተመለሰ።

ማኅደሩ የለም። መጽሔቱ እንደ መስታወት በጠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጓል። በፕላስቲኩ ራስጌ የሚያብረቀርቅ ማኅተምና አንድ ቁጥር አለ፤ 1.8። ሰውነት ገዢው በኮምፒዩተር የላከውን መልእክት ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበላቸው።

«መጽሔቱን የገዛሁት ፎቶው ላይ የሠዓሊውን ፊርማ አይቼ ነው ይላል። ፊርማው የት ሄደ ይላል።»

«የምን ፊርማ?»

«በጥጉ የነበረው።»

አቶ ምስጋኑ ጣታቸውን አዩ። ያን ዕለት በረኪናው ቆዳቸውን ልጦት ነበር።

ሰውነት ቀጠለ። «ሽቦው በእንስሳ ጅማት ተተክቷል፣ ጠርዙ ተቆርጧል፣ የጀግናው እግር የለም። ደረጃ ለሚያወጡ ባለሙያዎች ሰጥቼው ይህን ነጥብ አግኝቷል። ገንዘቤን አስመልሻለሁ፤ ማኅደሩን ግን ስለ ጉዳቴ አስቀርቼዋለሁ፤ ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ ይላል።»

አቶ ምስጋኑ ቁጥሩን በጣታቸው ነኩት። «ባለሙያዎቹ ነጥቡን የሰጡት አይተውት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ገጽ በገጽ ቆጥረው። አንዱ አይቶ ለሌላው ይሰጣል ይላል መመሪያቸው።»

«ለአንድ መጽሔት?»

«ለአንድ መጽሔት።»

«እኛ እኮ አንድ መሥሪያ ቤት ከምሳ በፊት ነበር የምንጨርሰው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ ሰውነት። «እኔ ያለሁበት ክፍል ከሻይ በፊት ነው ያለቀው።»

አቶ ምስጋኑ ቀና ብለው አዩት። ምናልባትም የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፤ ራሳቸውም ደነገጡ። በረኪናው ትዝ ሲላቸው ይስቃሉ፤ የሰውየው እግር ትዝ ሲላቸው ያፍራሉ፤ ማፈራቸው ደግሞ መልሶ ያስቃቸዋል። ሰውነትም አልቻለም፤ አብሯቸው ሳቀ። ቤታቸው ሲገቡ የሆነውን ሳያስቀሩ ለባንችይርጋ ነገሯት። እርሷም መጽሔቱን በፕላስቲኩ እንዳለ ከእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በምስማር ሰቀለችው። «በዚህም ቢሆን ይጀመር» አለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ አንድ ሰው ከነኀፍረቱ በሰላም በኖረ። ግን የመሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ አቶ ቃለሕይወት ለእንግዶች ክፍል ሊከራዩ መጡና ግድግዳው ላይ ዓይናቸው ቀረ። የሚያብረቀርቅ ማኅተም፤ የፈረንጅ ጽሑፍ፤ ቁጥር።

«ከውጭ ነው የተሰጠዎት?»

«አዎ፣ ከውጭ ነው፤ ግን . . .»

«አንድ ነጥብ ስምንት» አሉ አቶ ቃለሕይወት በዝግታ። «በአንደኛና በሁለተኛ መካከል።»

«አንደኛ ሁለተኛ የሚባል አይደለም፤ ከአሥር ነው።»

«ከአሥር ተወዳዳሪ?» አቶ ቃለሕይወት አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለ ሰው ከመዋቅር ውጭ አድርገን።»

በሳምንቱ አቶ ምስጋኑ በመሥሪያ ቤቱ ጉባኤ ፊት ተጠሩ። እውነቱን ለመናገር ቆርጠው ነበር፤ ተናገሩም። «እኔ ሳላይ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሰጠሁ። ያዩት ሰዎች አንድ ነጥብ ስምንት ሰጡ። ያበላሸሁት በገዛ እጄ ነው። ለስንት ሰውም እንዲሁ ሳላይ ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ ያኔ ግን መልሶ የሚልክልኝ አልነበረም።»

አንዱ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። ከዚያ አቶ ቃለሕይወት ተነሡ። «ጓዶች፣ ግለ ሂስ ማለት ይህ ነው። ለአርአያነት የሚበቃ ግለ ሂስ ነው።» ተጨበጨበ። አቶ ምስጋኑ «ግለ ሂስ አይደለም፣ እውነቴን ነው» ሲሉ ጭብጨባው ባሰ። በዕለቱ የግምገማ ዋና አሠልጣኝ ሆነው ተሾሙ።

የመጀመሪያው ሥልጠና ከላሊበላ ወጣ ብላ በምትገኘው ደጋማ ከተማ፣ ሙጃ ላይ ሆነ። አቶ ምስጋኑ ካርቶኑን አስጭነው ወጡ። ሹመቱ ካልቀረላቸው ሥራውን በደንብ ሊሠሩት ወስነዋል፤ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንዳንድ መጽሔት ያድሉና ገጽ እያስገለጡ፣ ጠርዝ እያስዳሰሱ፣ ቀኑን ሙሉ ማየት ያስተምራሉ። መንገዱን ሁሉ የሚሉትን ሲያጠኑ ነው የሄዱት፤ ከስንት ዓመት ወዲህ ለሥራ ልባቸው ሲመታ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

የሙጃ ብርድ ሠልጣኙን በጋቢ ጠቅልሎ ጠበቃቸው። አስተባባሪው ወጣ ብሎ እጅ ነሣና ክምር ወረቀት አቀረበላቸው።

«ምንድን ነው?»

«ውጤቱ ነው። ሁሉም ለየመጽሔቱ ነጥብ ሰጥቷል። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።»

«ካርቶኑን እኮ ገና አልከፈትኩትም።»

«አውቀናል፤ ብርድ ነው ብለን ነው። ነጥቡንም ከእርስዎ ልምድ ወስደን ነው የሞላነው። ለእርስዎም ሞልተንልዎታል፤ ሠልጣኝ ለአሠልጣኝ የሚሰጠውን።»

አቶ ምስጋኑ የራሳቸውን ፈልገው አወጡ። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ነጥብ ምክንያት ከልባቸው ማወቅ ፈለጉ።

«የእኔ ለምን አነሰ?»

አስተባባሪው አንገቱን ደፋ። «እሱስ ከሁሉም እኩል ነበር፣ ጋሼ። መጽሔቶቹን ገልጠው ሊያሳዩን ነው የሚል ወሬ ስለ ደረሰ፣ ለአመለካከት ትንሽ ተቀንሶ ነው።»