ጋሽ አድማሱ ያላወቁት ፈልሳፊ

እያንዳንዱን ዕቃ አሜሪካ ውስጥ ማን እንደፈለሰፈው ሳይነግርዎ የማይሰናበት ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? የደብረ ማርቆሱ ጎረቤቴ ጋሽ አድማሱ የጃኬታቸውን ዚፕ ሲዘጉ እንኳ የዚፕን ታሪክ ይተርካሉ።

ሰሞኑን ሮብ ገበያ ወደምትባል ገጠር ለቅሶ ይዣቸው ሄድኩ፤ ምን ነካኝ? የአጎቴ ልጅ የታደለ ሚስት ምጥ ጠንቶባት፣ የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሟት ወደ ሐኪም ቤት ሲወርድ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው።

ጋሽ አድማሱ «እግዜር ያጽናህ» ብለው ተቀመጡና፣ አውሮፕላን ስለፈለሰፉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ማውራት ጀመሩ። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ምን ያድርግ?

ታደለ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ቃሬዛንስ ማን ፈለሰፈው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«ማንም ይሁን፣ ነፍሱን ይማረው» አለ ታደለ። «ከሁሉም እኛ ዘንድ የደረሰው የእሱ ብቻ ነው።»