የእታፈራሁ ቻይናውያን ሽማግሌዎች

ትናንት እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ እታፈራሁ ሕልም አየች። ሌሊት ያየችው ቢሆን ኖሮ ጠዋት ለጎረቤት ነግራ፣ አስፈትታ ትገላገል ነበር። ይሄኛው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ቴሌቪዥኑ እየለፈለፈ፣ ሶፋ ላይ እንደተጋደመች የመጣ ነው።

ሕልሙ ደግሞ ዝም ብሎ አልመጣም። እታፈራሁ አሰላ ከተማ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ባሏን ከቀበረች የቆየች፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት። በልጅነቷ ዘርጋው የሚባል ጎረምሳ ይወዳት ነበር። እሷም ትወደው ነበር። ሽማግሌ ላከባትና አባቷ እንደ ደንቡ "እንመካከርበት፤ ሌላ ጊዜ ተመለሱ" አሉ። ሴት ልጅ በአንድ ምልልስ እንደማትሰጥ የማያውቅ የለም። ዘርጋው ግን ኩራተኛ ነበርና "እምቢ ተባልኩ" ብሎ ቱግ አለ፤ ሽማግሌዎቹን መልሶ እንደመላክ አገር ለቆ ሄደ። እታፈራሁ ጠብቃ ጠብቃ ሌላ አገባች።

ዘንድሮ ዘርጋው ጸጉሩ ሸብቶ፣ እሱም ሚስቱን ቀብሮ፣ ተመልሶ መጣ። መጣና ከትናንቱ በፊት በነበረው እሑድ እንደገና ሽማግሌ ላከ። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ሸዋንግዛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ልጅቷን እንጠይቅ፤ ሌላ ጊዜ ተመለሱ።" ልጅቷ የልጅ ልጅ አላት! ጓዳ ሆና የነጠላዋን ጫፍ ስትነክስ ነበር። ይሄ ሰው ዛሬም ቱግ ብሎ ይሄድብኝ ይሆን እያለች ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ኮሌታ ስታጣምም ከረመች።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ቢመጡ ብላ ቤቱን አሰናድታ፣ ልቧ አልረጋ ሲላት የቻይናውን ፊልም ከፈተች። በአማርኛ የተተረጎመ ነው። ሃኦና ሜይሊን የሚባሉ የትምህርት ቤት ፍቅረኞች ባልተነጋገሩት ነገር ተኳርፈው፣ ስንት ዘመን ተለያይተው፣ እንደገና ይገናኛሉ። የመጨረሻው ክፍል ነበር። እንባዋን ልትጠርግ ዐይኗን ከደነች፤ እንደከደነችው ቀረች።

በሕልሟ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። ሥራዋ ግን መስፋት ሳይሆን መተርተር ነበር። አንድ ሰውዬ አዲስ ሙሉ ሱፍ ልብስ ይዞ መጣ።

"ጣቃ አድርጊልኝ" አላት።

"ለመቼ?"

"ለትናንት።"

መኪናዋ ክሩን ሱር ሱር እያደረገች ጠጣችው። ኮቱ ጨርቅ ሆነ፤ ጨርቁ ሱፍ ሆነ፤ ሱፉ በግ ሆነ። በጉም እጅ ነሥቶ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

ይህን ጊዜ ከቴሌቪዥኑ በኩል ለቅሶ ሰማች። ዘወር ስትል ሃኦና ሜይሊን እዚያ ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ እሷን ያያሉ።

"ይቺ ሴትዮ ግን አታናድድም?" አለች ሜይሊን ጥርት ባለ አማርኛ። "ልቧ እሺ ብሏል። አፏን ምን ያዘው?"

"ታገሺ እስቲ" አለ ሃኦ። "ትናገር ይሆናል።"

"አትናገርም! ስንት ክፍል ሙሉ ነጠላ ስትነክስ ኖረች! ነጠላው አለቀ እኮ!"

እታፈራሁ በገነች። "እናንተ ደግሞ ብላችሁ ብላችሁ እኔን ትተቹ? አንድ ጃንጥላ ሥር ቆማችሁ ሳትነጋገሩ ክረምት ያሳለፋችሁ!"

"እኛማ ደራሲ አለብን" አለች ሜይሊን ተቀይማ። "አንቺ ማን አለብሽ?"

እታፈራሁ ነጠላዋን መልሳ ነከሰች። ሃኦ አሳዘነችውና "ሱቅ ሂጂና ሁለተኛ ዕድል ግዢ፤ ዛሬ ገብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ" አላት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ከተማው ሌላ ሆኗል። ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል፤ ሰው ጃንጥላውን ገልብጦ ከእግሩ ሥር ይዟል። ባጃጁን የሚነዳው አህያ ነበር፤ ባለአህያው ከኋላ ጤፍ ተሸክሞ ተቀምጧል። ደግሞም ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ደንብ አውጥቷል፦ የተደናቀፈን ሰው ሁሉ፣ እንደ ፊልሙ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ወገቡን መያዝ አለበት፤ የተደናቀፈውም ከያዘው ሰው ጋር ዐይን ለዐይን ሳይተያይ መነሣት ክልክል ነው። አንድ ዱቄት የተሸከመ ወዛደር አስፋልቱ መሃል ተደናቀፈ። ትራፊክ ፖሊሱ ዘሎ ወገቡን ያዘው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሙዚቃ ተጀመረ፤ አበባ ይረግፍ ጀመር፤ ሁለቱ እየተሽከረከሩ ተያዩ። መኪናው ሁሉ ቆመ።

"ኧረ በማርያም ቶሎ ተያዩና እንለፍ!" አለ አህያው ጥሩምባውን እየነፋ።

እታፈራሁ እንዳትደናቀፍ እግሯ ሥር እያየች ሱቁ ደረሰች። ደንበኞቹ ባንኮኒው ውስጥ ቆመው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ፤ ባለሱቁ ውጭ ተሰልፎ "ተራዬ አልደረሰም?" ይላል። ገብታ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች። ባለሱቁ እየተሽቆጠቆጠ ቀረበ።

"ምን ልሽጥልሽ፣ እመቤቴ?"

"ሁለተኛ ዕድል አለ?"

"ሞልቶ! ጠርሙሱን አምጪያ።"

"የምን ጠርሙስ?"

"የመጀመሪያውን ነዋ! ባዶውን ሳትመልሺ ሁለተኛ እንዴት እሰጥሻለሁ? ለስላሳ እንኳ እንዲህ አይሸጥም።"

"የመጀመሪያውማ እጄም አልገባ" አለች እታፈራሁ። "ደጃፋችን ላይ ነው የተሰበረው።"

ባለሱቁ አገጩን አሻሸ። "እንግዲያው መያዣ ትተያለሽ። ይሉኝታሽን አስይዢ።"

ይሉኝታዋን ከነጠላዋ ሥር መጎተት ጀመረች። ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ኩንታል አከለ። "ሰው ምን ይላል" የሚለው ብቻውን በሩ አላሳልፍ ብሎት ሦስት ተሸካሚዎች በትከሻቸው ገፉት። ተሸካሚዎቹ ተደናቅፈው ወገብ ለወገብ ተያያዙና ለእነሱም ሙዚቃ ተጀመረላቸው።

"ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ እንዴት ኖርሽ?" አላት ባለሱቁ።

"ሰው ሁሉ የሚሸከመው መስሎኝ።"

ወገቧ ቀለላት። እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። በደስታ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን አሰበችና እንባዋ መጣ። ባለሱቁ ሁለተኛውን ዕድል በፌስታል አድርጎ ሰጣት፤ ለብ ያለ ነበር። ይዛው ሮጠች።

ቤቷ ስትደርስ ሃኦና ሜይሊን ከቴሌቪዥኑ ወጥተው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ተደግፈው መደቡ ላይ ጉብ ብለዋል። ሁለቱም ነጭ ጢም አብቅለዋል፤ ሜይሊንን ደግሞ አምሮባታል። የዘርጋው እውነተኛ ሽማግሌዎች ግን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገብተው፣ ሦስቱም አንድ ጃንጥላ ሥር ተጨናንቀው ይተክዛሉ። ጋሽ ሸዋንግዛው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በገዛ እህታቸው ቤት፣ በሩ ሥር ቆመዋል።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አለ ሃኦ።

"የመጣሁበትን ሳልናገር አልቀመጥም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። "ልጅቷን ውሰዱልን። ለልጃችሁ ትሁን። እባካችሁ።"

ሃኦ ጢሙን ዳበሰ። ሜይሊንን አየ። ሜይሊን ጣራውን አየች። ከዚያ ሃኦ ጉሮሮውን ጠራረገና "እንመካከርበት" አለ። "ሌላ ጊዜ ተመለሱ።"

ሌላ ጊዜ ተመለሱ ተብሎ የሚሆነውን ከእታፈራሁ በላይ ማን ያውቃል? የመጀመሪያው ጊዜ ሕይወቷን ወስዷል፤ ሁለተኛው የቀራትን ሊወስድ ነው።

"የለም!" ብላ ጮኸች። "ማንም ሄዶ አይመለስም! እሺ ብያለሁ!"

አፏ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ ግን ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም የወንድ ድምፅ ነበር፤ ያውም በቻይንኛ። ማንም አልገባውም። የአማርኛው ትርጉም በጽሑፍ ከእግሯ ሥር፣ ወለሉ ላይ ማለፍ ጀመረ። ጋሽ ሸዋንግዛው ሊያነቡ ጎንበስ አሉና በሁለት ጫማቸው "እሺ" የሚለው ላይ ቆሙበት።

"ጋሼ፣ ይነሡልኝ! ቃሌን ረገጡት!"

ይሄም በቻይንኛ ወጣ።

"ምን አለች?" አለ ሃኦ።

"እምቢ ያለች ይመስለኛል" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፤ ወደ ታች እያዩ። "የሚነበብ የለም።"

ሃኦና ሜይሊን ከዘራቸውን አንሥተው ወደ በሩ አመሩ። እታፈራሁ ወንድሟን በሁለት እጇ ገፋች፤ አልነቃነቅ አሏት። ያላትን አቅም ሁሉ አሰባስባ ገፋች፤ ሳንባዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

ነቃች። የሶፋውን ትራስ እየገፋች ነበር።

"እሺ! እሺ ብያለሁ!"

በገዛ ድምጿ ወጣ፤ በአማርኛ፣ ጥርት ብሎ። ቀና ስትል ቤቱ ሞልቷል። የዘርጋው ሽማግሌዎች ሦስቱም መጥተዋል። ጋሽ ሸዋንግዛው አስገብተዋቸው፣ ተኝታ አግኝተዋት፣ እስክትነቃ ብለው ከእሳቸው ጋር በሰልፍ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ እነዚህ ግን የመጡበትንም የረሱ ይመስላሉ። አንዳቸውም ዘወር አላሉም። ሃኦ ባቡር ጣቢያ ውስጥ እየሮጠ ነው፤ ሜይሊን ከባቡሩ መስኮት ታለቅሳለች። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ አበጋዝ በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ።

"እሺ እኮ ነው የምላችሁ!" አለች እታፈራሁ።

"ሰምተናል ልጄ፣ ሰምተናል" አሉ አቶ አበጋዝ፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ። "ማስታወቂያ ሲመጣ ትነግሪናለሽ። ልጁን ባቡሩ ሊያመልጠው ነው።"

"እኛም እንግዲህ እንመካከርበትና..." ብለው ጀመሩ ጋሽ ሸዋንግዛው።

"ዝም በሉ እስቲ!" አሏቸው ሦስቱም ባንድ አፍ።

እታፈራሁ ተነሣች። በባዶ እግሯ በመሃላቸው አልፋ ሄደችና የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቀለችው። ሽማግሌዎቹ "ውይ!" ብለው ጮኹ።

"ይኸው ማስታወቂያ" አለች። "እሺ ብያለሁ።"